ወተትን በቅባቱ የመዘኑት ሊቅ፦ የፕሮፌሰር ስቲቨን ባብኮክ ሕይወትና ሥራ

በወተት ሀብት ልማት ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ የሳይንስ ሰዎች መካከል አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ስቲቨን ሞልተን ባብኮክ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ካረፉ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ቢሆንም፣ አርሶ አደሮች ወተታቸውን በአንድ ዕቃ በሚቀላቅሉበት ቦታ ሁሉ የሚነሣውን አስቸጋሪ ጥያቄ፣ ይኸውም ለማን ስንት ይከፈል የሚለውን፣ አርሶ አደሩ ራሱ ሊያነበው በሚችል ቁጥር እንዲመለስ ያደረጉት እኚህ ሰው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባብኮክ ኦክቶበር 22 ቀን 1843 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኦናይዳ በተባለው አውራጃ፣ ብሪጅዎተር በምትባል ቦታ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ኦናይዳ ለወተት ሥራ ታሪክ እንግዳ ቦታ አይደለም። ባብኮክ ገና ሕፃን ሳሉ በ1851 ጄሲ ዊልያምስ የተባለ ገበሬ በዚያው አውራጃ፣ ሮም ከተማ አጠገብ፣ የጎረቤቶቹን ወተት እየሰበሰበ በአንድ ላይ አይብ የሚሠራበትን ቤት ከፍቷል። የአሜሪካ የመጀመሪያው የአይብ ፋብሪካ እየተባለ የሚጠራው ይህ ነው። ከዚያ በፊት አይብ መሥራት የየቤቱ፣ በተለይም የእናቶች ሥራ ነበር። አዲሱ አሠራር ድካምን ስለቀነሰና ገበያ ስላስገኘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተስፋፋ። አብሮት የተስፋፋ አንድ ችግር ግን ነበር፤ የባብኮክን ስም ያስጠራውም ያ ችግር ነው።

ወጣቱ ባብኮክ በ1866 ከተፍትስ ኮሌጅ ተመረቁ። ቀጥሎም ምሕንድስና ለማጥናት ሬንሰሌር ወደሚባለው ተቋም ገብተው ነበር፤ ነገር ግን አባታቸው በመሞታቸው ትምህርቱን አቋርጠው እርሻውን ለማስተዳደር ወደ ቤት ተመለሱ። ላም ማለብንና ከብት መመገብን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከበረት የሚያውቁ ሳይንቲስት የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪን አጠኑ፣ አስተማሩም። ወደ ጀርመን ተሻግረውም በ1879 ከጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በ1882 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ጄኔቫ በምትባለው ከተማ በሚገኘው የግብርና ምርምር ጣቢያ በኬሚስትነት ተቀጠሩ። የወተት ኬሚስትሪን በጥልቀት መመርመር የጀመሩት እዚያ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ማዲሰን ከተማ ውስጥ የግብርና ኬሚስትሪ ፕሮፌሰርና የምርምር ጣቢያው ዋና ኬሚስት ሆኑ።

በክብደት መክፈል ያስከተለው ቅሬታ

ዊስኮንሲን ቀድሞ ስንዴ አምራች ግዛት ነበረች። በየዓመቱ ስንዴ በስንዴ ላይ ሲዘራ መሬቱ ተዳከመ፤ ተባይም ተጨመረበትና ገበሬው ፊቱን ወደ ወተት ላም አዞረ። በጋዜጣው አማካይነት ለዚህ ለውጥ ብዙ የደከመው ዊልያም ሆርድ በኋላ የግዛቲቱ ገዥ እስከ መሆን ደርሷል። የአይብና የቅቤ ፋብሪካዎች በየመንደሩ ተከፈቱ። ይሁን እንጂ ወተት የሚረከቡት በክብደት ብቻ ነበር። መቶ ኪሎ ያመጣ የመቶ ኪሎ ዋጋ ይቀበላል፤ ወተቱ ምን ያህል ቅባት እንዳለው የሚጠይቅ የለም።

ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው መቶ ኪሎ ወተት አመጡ እንበል። የአንዱ ወተት 5 በመቶ ቅባት አለው፤ የሌላው 3 በመቶ። ፋብሪካው ከሁለቱ ያገኘው ቅባት 8 ኪሎ ነው። በክብደት ሲከፈል እያንዳንዳቸው የ4 ኪሎ ያህል ዋጋ ይደርሳቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው በየዕለቱ አንድ ኪሎ ቅባት ለጎረቤቱ በስጦታ ይሰጣል ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ሁለቱም ሐቀኛ ሲሆኑ ነው። ሌሊት ያደረውን ወተት ክሬም ከላይ ገፎ የሚያመጣና ውኃ የሚጨምር ሲኖርማ ጉዳቱ የባሰ ነበር። ጥሩ ላም ያለው ገበሬ የተሻለ ዘር ለማርባት ምንም ምክንያት አልነበረውም፤ ሥርዓቱ ብዙ ቀጭን ወተት የምትሰጠውን ላም የሚሸልም ነበርና።

ማጭበርበርን ለመከላከል ላክቶሜትር ይሠራበት ነበር። ላክቶሜትር የወተትን እፍጋት ይለካል፤ ውኃ ሲጨመር እፍጋቱ ስለሚወርድ ያሳብቃል። ነገር ግን ከወተት ላይ ክሬም ሲገፈፍ እፍጋቱ ይጨምራል፤ ቅባት ከቀሪው የወተት ክፍል ይልቅ ቀላል ነውና። ስለሆነም ክሬሙን ገፍፎ በልኩ ውኃ የሚጨምር ሰው ላክቶሜትሩን ትክክለኛ ቁጥር ሊያስነብበው ይችላል። ይህ ዛሬም ቢሆን በላክቶሜትር ብቻ ወተት የሚረከብ ጣቢያ ሊያውቀው የሚገባ ጉድለት ነው። ቅባትን በትክክል የሚለካ የላብራቶሪ ዘዴ በዚያን ጊዜም አልጠፋም፤ ይሁንና ረጅም ሰዓት፣ ውድ ዕቃና የሠለጠነ ኬሚስት የሚጠይቅ ስለነበር ለገጠር ፋብሪካ የሚሆን አልነበረም።

የምርምር ጣቢያው ኃላፊ ዊልያም ሄንሪ ቀላል ዘዴ እንዲፈለግ አጥብቀው ይሹ ነበር። ከባብኮክ በፊት በዚያው ጣቢያ አንድ ዘዴ ተሞክሮ ለገበሬው አስቸጋሪ ሆኖ ተገኝቷል። ባብኮክ ሥራውን ሲይዙት በጣቢያው ካሉት ላሞች መካከል የአንዷ ወተት ብቻ በሙከራው ትክክለኛ ውጤት አልሰጥ ብሎ አስቸገራቸው ይባላል። ሄንሪ ዘዴው እንዲታተም ቢጎተጉቱም ባብኮክ እምቢ አሉ። ለአንዲት ላም ባለቤት ትክክል ያልሆነ ሚዛን ለሌላውም አይሆንም የሚል አቋም ነበራቸው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩና ሰልፈሪክ አሲድን መጠቀም ላይ ደረሱ።

ዘዴው ይህን ይመስላል። የወተት ቅባት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሆኖ በወተቱ ውስጥ የተበተነ ነው፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብም በስስ ሽፋን ተጠቅልሏል። 17.6 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ማለትም 18 ግራም ያህል፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን በሆነ ጠርሙስ ውስጥ ይጨመራል። ተመጣጣኝ መጠን ያለው ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ይታከልበታል። አሲዱ ከቅባት በቀር ያለውን የወተቱን ጠጣር ያሟሟል፤ ከሚፈጠረው ሙቀት የተነሣም ቅባቱ ይቀልጣል። ጠርሙሱ በእጅ በሚዞር መሣሪያ ለጥቂት ደቂቃዎች በፍጥነት ሲሽከረከር ቀላሉ ቅባት ተለይቶ ይወጣል። ሙቅ ውኃ ተጨምሮበት እንደገና ሲሽከረከር ቅባቱ ወደ ጠርሙሱ አንገት ይወጣና በተሰመረው ልክ ላይ ይነበባል። አንገቱ ላይ ከ0 እስከ 10 ያለው ርቀት 2 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ 2 ሚሊ ሊትር የቀለጠ ቅባት ደግሞ 1.8 ግራም ያህል ስለሚመዝን የ18 ግራም ወተት አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ ያለ ምንም ሒሳብ ቁጥሩ በቀጥታ በመቶኛ ይነበባል። ማንበብ የሚችል ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል፤ ከአሲዱ መጠንቀቅ እንደተጠበቀ ሆኖ።

ጥናቱ በ1890 በምርምር ጣቢያው ቁጥር 24 መጽሔት ላይ ወጣ። ባብኮክ የፈጠራ ባለመብትነት አልጠየቁበትም። ደመወዛቸውን የሚከፍለው ሕዝብ ስለሆነ ውጤቱም የሕዝብ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በዚህም ሊያገኙት ይችሉ የነበረውን ከፍተኛ ሀብት ትተዋል። ለዚህ ልግስና የተከፈለ ዋጋም አለ። ባለመብት ስላልነበረው ማንም ጠርሙሱን እያመረተ ይሸጥ ጀመር፤ ልኩ የተዛባ ዕቃም ገበያ ገባ። አንዳንድ ግዛቶች ጠርሙሶቹ ተፈትሸው ምልክት እንዲደረግባቸው የሚያዝ ሕግ እስከ ማውጣት ደረሱ። ሚዛን በነጻ መስጠት ብቻውን እንደማይበቃ፣ የሚዛኑንም ትክክለኛነት የሚቆጣጠር እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ታየ።

የጠዋት ወተትና የማታ ወተት

ባብኮክ ስማቸው የሚጠራው በሙከራ ጠርሙሱ ቢሆንም፣ ለአርሶ አደሩ ያልተናነሰ ጠቀሜታ ያለው ሌላ ሥራም ሠርተዋል። አላቢ ሲቀየር፣ አስተላለቡ ሲፈጥን ወይም ሲዘገይ፣ በሁለት እልበት መካከል ያለው ሰዓት ሲለዋወጥ በወተቱ ብዛትና ቅባት ላይ ምን እንደሚከተል ለክተዋል። ላም በተወሰነ ሰዓት፣ በርጋታ፣ ነገር ግን ሳይጓተት፣ እስከ መጨረሻው መታለብ አለባት የሚለው ምክር ከእንዲህ ዓይነቱ ልኬት የተገኘ ነው። ከባብኮክ በኋላ የተደረጉት ምርምሮች ነገሩን ይበልጥ አብራርተውታል።

ላሟ በጠዋት 12 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት የምትታለብ ከሆነ ሌሊቱን ጨምሮ 14 ሰዓት ስትቆይ ቀኑን ግን የምትቆየው 10 ሰዓት ብቻ ነው። የጠዋቱ ወተት ብዙ ሆኖ ቅባቱ አነስተኛ ይሆናል፤ የማታው አነስ ብሎ ቅባቱ ይበልጣል። ልዩነቱ ከግማሽ በመቶ በላይ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ይህ ነው። ወተት በግት ውስጥ ሲቆይ ውኃማው ክፍል በቀላሉ ወደ ታች ወደ ጡቱ አቅራቢያ ይወርዳል፤ የቅባቱ ነጠብጣቦች ግን ወተት በሚመረትባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ይዘገያሉ። ለዚህም ነው ከአንዲት ላም በአንድ እልበት መጀመሪያ የሚወርደው ወተት ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ቅባት ብቻ ኖሮት የመጨረሻው ጭማቂ ብዙ እጥፍ የሚሆነው። ከእልበት በኋላ በግት ውስጥ የሚቀር ወተትም አለ፤ እርሱ በጣም ቅባታማ ነው። የሚቀጥለው እልበት ቶሎ ከመጣ ያ የቀረው ቅባት ከጥቂት አዲስ ወተት ጋር ተቀላቅሎ ስለሚወጣ መቶኛው ከፍ ይላል።

ታዲያ በቀን ሦስት ጊዜ ማለብ ወተቱን ያወፍረዋል? አያወፍረውም። በቀን ሦስት ጊዜ የምትታለብ ላም በቂ መኖና ውኃ ካገኘች የወተቷ መጠን ሊጨምር ይችላል፤ ግት ሞልቶ ሲቆይ ወተት ማምረቱ ስለሚቀንስ ቶሎ ቶሎ ባዶ ማድረጉ ይረዳል። የቅባቱ መቶኛ ግን በአብዛኛው እንዳለ ይቆያል ወይም ጥቂት ዝቅ ይላል። አርሶ አደሩ የሚጠቀመው በቀኑ ውስጥ በሚያገኘው ጠቅላላ የቅባት ክብደት እንጂ በመቶኛው አይደለም። በተቃራኒው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያልብ ሰው የወተቱ መጠን በጉልህ ይቀንስበታል፤ የቅባቱና የፕሮቲኑ መቶኛ ግን ከፍ ይላል። የወተት ስኳሩ ደግሞ ይቀንሳል፤ ወተት ከልክ በላይ በግት ሲቆይ ስኳሩ ወደ ደም እየሰረገ ጨው ወደ ወተቱ ስለሚገባ ነው። መኖ እጅግ ውድ በሆነበት ወይም ላሟ በደከመችበት ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ማለብ ሊመረጥ ይችላል፤ ይህ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ይህ ሁሉ ከክፍያና ከመተማመን ጋር የተያያዘ ነው። የማታው ወተት ብቻ ናሙና የተወሰደበት ሰው ያለ አግባብ ይጠቀማል፤ የጠዋቱ ብቻ የተወሰደበት ይጎዳል። ስለዚህ የሙከራው ዘዴ ከተስፋፋ በኋላ ፋብሪካዎች ከእያንዳንዱ ርክክብ ጥቂት ናሙና እየወሰዱ በየሰው ስም በተጻፈበት ጠርሙስ ውስጥ ያጠራቅሙ፣ እንዳይበላሽም ፖታሲየም ዳይክሮሜት ይጨምሩበትና በየተወሰነ ቀኑ አንድ ጊዜ ይለኩት ጀመር። ወተቱ ናሙና ከመቀዳቱ በፊት በሚገባ መገላበጥ ነበረበት፤ ከላይ ብቻ የተቀዳ ክሬም ይበዛዋል፣ ከሥር የተቀዳ ያንሰዋል።

በአገራችን ብዙ ቦታ ጥጃዋ በመጀመሪያ ጥቂት ትጠባና ላሟ ወተቷን ስትለቅ ይታለባል፤ በመጨረሻም የቀረውን ጥጃዋ እንድትጠባ ይተዋል። ይህ ለጥጃዋ ዕድገት የሚበጅ ያማረ ልማድ ነው። ነገር ግን የመጨረሻውና እጅግ ቅባታሙ ወተት ለጥጃዋ ስለሚቀር ወደ ማኅበሩ የሚሄደው ወተት ላሟ ከምታመርተው ይልቅ ቀጭን ሆኖ ይታያል። አንድ አባል ክሬም ገፍፏል ብሎ ከመጠርጠር በፊት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። በጥርጣሬ ጊዜ ፍትሐዊው መንገድ ላሟን ምስክር ባለበት እስከ መጨረሻው አልቦ ናሙና መውሰድ ነው። ይህ አሠራር በሌሎች አገሮችም ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ብዙ ሐቀኛ ሰዎችንም ከስም ማጥፋት አድኗል።

ዘዴው ከፋብሪካ አልፎ ወደ በረት ገባ። በዴንማርክ ቬየን በተባለ ቦታ በ1895 አርሶ አደሮች ተደራጅተው የየላሞቻቸውን ወተትና ቅባት በየጊዜው የሚለካ ሰው ቀጠሩ፤ በዓለም የመጀመሪያው የወተት ላም ቁጥጥር ማኅበር የሚባለው ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥም በ1905 በሚሺጋን ግዛት ኒዋይጎ አውራጃ ተመሳሳይ ማኅበር ተቋቋመ። በዚህ ጊዜ ብዙ አርሶ አደሮች ከላሞቻቸው አንዳንዶቹ የሚበሉትን መኖ እንኳ እንደማይከፍሉ አወቁ። በአውሮፓ በብዛት የተለመደው ግን የስዊዘርላንዱ ኒክላውስ ገርበር በ1890ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት ተቀራራቢ ዘዴ ነው። በአገራችን የወተት ላብራቶሪዎችም ይበልጥ የሚታወቀው ይኸው የገርበር ዘዴ ነው።

ኬሚስቱ የኬሚስትሪን ሒሳብ ሲጠራጠሩ

ባብኮክ ከባልደረባቸው ከባክቴሪያ ሊቁ ሃሪ ራስል ጋር ሆነው በ1897 በወተት ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ፣ አይብን የሚያበስል ኢንዛይም አገኙ፤ ከዚያም ተነሥተው አይብ በቀዝቃዛ ቦታ ቢበስል የተሻለ እንደሚሆን አሳዩ። ከዚህ ይልቅ ረጅም ጊዜ የፈጀው ግን ሌላ ጥርጣሬያቸው ነበር።

ገና ጄኔቫ ሳሉ ላሞች የሚበሉትን መኖና እበታቸውን በኬሚካል መርምረው ነበር። በዘመኑ ሒሳብ ሲተነተኑ ሁለቱ ከአመዳቸው በቀር ብዙም አለመለያየታቸው አስገረማቸው። በወረቀት ላይ የተስተካከለ መኖ ለላሟ በእርግጥ ይስማማታል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ጀምሮ አልተለያቸውም። መሞከር ቢፈልጉም ላሞቹ ላይ ጉዳት ስለሚያስከትል የከብት እርባታ ኃላፊዎች ለዓመታት ተቃወሟቸው። በመጨረሻ በ1907 ወጣቶቹ ተመራማሪዎች ሙከራውን ጀመሩ። አሥራ ስድስት ጊደሮች በአራት ቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የበቆሎ፣ ሌላው የስንዴ፣ ሦስተኛው የአጃ፣ አራተኛው የሦስቱን ድብልቅ መኖ ብቻ እንዲበላ ተደረገ፤ በኬሚካል ሒሳብ ግን አራቱም እኩል ነበሩ። በቆሎ የበሉት ጠንካራ ሆነው ጤናማ ጥጆች ወለዱ። ስንዴ የበሉት ከሱ፤ ጥጆቻቸውም ሞተው ወይም ሊሞቱ ተቃርበው ተወለዱ።

በሙከራው ከተሳተፉት አንዱ ኤልመር ማኮለም በነጭ አይጦች ላይ ምርምሩን ቀጥለው ከማርገሪት ዴቪስ ጋር በ1913 በቅቤ ቅባት ውስጥ ለዕድገት የግድ አስፈላጊ የሆነ ንጥረ ነገር መኖሩን አረጋገጡ። በኋላ ቫይታሚን ኤ የተባለው ይህ ነው። ባብኮክ ሃያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በጠርሙስ አንገት ላይ መጠኑን እንዲነበብ ያደረጉት ቅባት ከገንዘብ ዋጋው ሌላ ይህን መያዙ በወቅቱ ማንም የጠረጠረው አልነበረም። እርሳቸው በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ።

ባብኮክ ሳቂታና ተጫዋች ሰው ነበሩ። በ1896 ሜይ ክራንዳል የተባለችውን ሴት አግብተዋል። አበባ መትከል ይወዱ ነበር፤ የቤዝቦል ጨዋታም ያዘወትሩ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላም ከላብራቶሪያቸው አልራቁም። በ1930 ለግብርና ላበረከቱት አስተዋጽኦ የካፐር ሽልማት ተሰጣቸው። በማግሥቱ ዓመት፣ በጁላይ 1931፣ በማዲሰን ከተማ በ87 ዓመታቸው አረፉ። በዛሬው ጊዜ ትልልቅ የወተት ላብራቶሪዎች ቅባትንና ፕሮቲንን በኢንፍራሬድ ብርሃን በሰከንዶች ይለካሉ፤ መሣሪያው ልክ መሆኑ የሚረጋገጠው ግን አሁንም ቅባቱን በኬሚካል ለይቶ በሚለካ ዘዴ ነው።